አጎትየው ማንን ሰማ? ስለ «አንቲጎኒ» ገጸ ባሕርያትና ጭብጥ በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር

አባቶቼና እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ልጆቼ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ጂርቱ? ድሬዳዋ ላይ ሰላምታ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በአንድ ቋንቋ አያልቅምና ያጎደልሁት ካለ ሙሉ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

መጀመሪያ ምስጋና። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማው ግማሹ በርጫ ላይ፣ ግማሹ እንቅልፍ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ሰዓት፣ ከተጻፈ ከ2,400 ዓመት በላይ ስለሆነው ተውኔት ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ የሚገምት ማን ነው? ወንበር ያልደረሳችሁ ልጆች በመስኮቶቹ በኩል ቁሙ፤ ያለችው ትንሽ ነፋስም የምትገባው በዚያ ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የጥንታዊ ትራጄዲ ገጸ ባሕርያትና ጭብጥ እንዴት ይጠናሉ?» የሚል ነው፤ ትራጄዲ ስል በመከራ የሚያልቀውን ተውኔት ማለቴ ነው። ርእሱ ሰፊ፣ የተሰጠኝ ሰዓት ጠባብ ስለሆነ አንድ ተውኔት ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «አንቲጎኒ»። «ለምን ሼክስፒርን አላደረግህም?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ሼክስፒርን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ኦቴሎ»፣ በ«ሐምሌት»ና በ«ማክቤዝ» አማርኛ አናግሮልናል፤ ብዙ ተብሎለታል፣ ገናም ይባልለታል። «አንቲጎኒ»ን የመረጥሁት ስለ ቀብር ስለሆነ ነው። ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ በዚህ አገር ጀማሪ የለም። ከእናንተ መካከል አንድም ቀን ቴአትር ቤት ያልገባ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ ግን የለም። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው «እኔ አላውቅም» ብሎ ዝም እንዲል አልፈቅድም።

ደግሞስ ግሪክ ለድሬዳዋ መቼ ሩቅ ሆነ? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ከሐዲዱ ጋር የዓለም ሰው መጣ። ፈረንሳዩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ፣ ግሪኩም መጣ። ከዚራ አካባቢ ያደጋችሁ አባቶች የግሪክ ነጋዴዎችን ስም ከእኔ በተሻለ ትቆጥራላችሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይን በምን እንይዘዋለን? ሁለተኛ፣ ክሬዮንና አንቲጎኒ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሦስተኛ፣ ጭብጡ የት ነው የሚገኘው? ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ተናግሬአለሁ፤ ሰዓት የያዘው ልጅ እንዳያስቸኩለኝ።

ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከተማዋ ቴብስ ናት። የቀድሞው ንጉሥ የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ኤቴዮክሊስና ፖሊኒቄስ፣ በዙፋን ተጣሉ። ፖሊኒቄስ ከአርጎስ ጦር ይዞ መጣና የገዛ ከተማውን ወጋ። ሁለቱም በአንድ ቀን እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። ሥልጣኑ ለእናታቸው ወንድም ለክሬዮን ደረሰ። ክሬዮንም አዋጅ አስነገረ፦ ከተማውን የጠበቀው ኤቴዮክሊስ በክብር ይቀበር፤ ከተማውን የወጋው ፖሊኒቄስ ግን ለውሻና ለአሞራ ይተው፤ የሚቀብረውም የሚያለቅስለትም ሰው ይሙት። እህታቸው አንቲጎኒ ቀበረችው። ተያዘች። በሕይወቷ ዋሻ ውስጥ ተዘጋባት። የክሬዮን ልጅ ሄሞን እጮኛዋ ነበር። እሷ በዋሻው ውስጥ ታንቃ ሞተች፤ ሄሞን ሬሳዋ ላይ ራሱን ወጋ፤ ይህን የሰማች እናቱ ዩሪዲኬም ራሷን ገደለች። ሲነጋ የተጀመረው ነገር በዚያው ቀን አለቀ፤ ክሬዮንም ብቻውን ቀረ።

እናቶቼ፣ ይህን ስትሰሙ የሚመጣባችሁን ግጥም አውቃለሁ። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ ሳይወጣ» የሚለው ነው። አንቲጎኒ ከዚህም የከፋባት ናት። የሞተው ወንድሟ፣ የገደለው ወንድሟ፣ አታልቅሺ ያላት አጎቷ፣ የአጎቷ ልጅ ደግሞ እጮኛዋ!

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ።

ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። «ስለ ክሬዮን ጠባይ ጻፉ» ያልኋቸው ተማሪዎች ምን ይጽፋሉ? ጨካኝ፣ ትዕቢተኛ፣ ግትር። ስለ አንቲጎኒስ? ጀግና፣ ቆራጥ፣ ሃይማኖተኛ። ስለ እህቷ ስለ ኢስሜኔ? ፈሪ። አለቀ። አንድም መስመር ሳያነቡ ይህን መጻፍ ይቻላል። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ትራጄዲ የሚያሳየን ድርጊትን እንጂ ሰዎችን እንዳልሆነ፣ ጠባይም ከድርጊቱ በኋላ እንደሚመጣ ተናግሯል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ቅጽሉን ለጊዜው ተዉት። ምን አደረገ? በየትኛው ቅደም ተከተል አደረገ? ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጨምርላችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ እሱ ላይ የቆመ ነው። ማንን ሰማ? ማንንስ ሳይሰማ ቀረ?

በትንሹ ሰው እንሞክረው፤ በዘበኛው። ስም እንኳ የለውም። ሬሳውን ሲጠብቁ ያደሩት ጓደኞቹ «ሌሊት ሰው መጥቶ አፈር በትኖበታል» የሚለውን ወሬ ለንጉሡ ማን ይንገር ብለው ዕጣ ተጣጣሉ፤ በእሱ ወጣ። ክሬዮን ፊት ሲቀርብ ወሬውን አይናገርም። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆም እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ልመለስ እንዳለ፣ ልቡ ምን ምን እንዳለው ያወራል። ሁላችሁም ይህን ሰው ታውቁታላችሁ! አለቃ ቢሮ ገብቶ ከዋናው ጉዳይ በፊት ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ የሚያወራው ሰው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን አንቲጎኒን ይዞ ይመጣል፤ አሁን አንደበቱ ተፈታ። ምን እንደሚል ተመልከቱ፦ ራስን ከመከራ ማውጣት ደስ ይላል፣ ወዳጅን መከራ ላይ መጣል ያሳዝናል፣ ይሁን እንጂ ከእኔ ደኅንነት የሚበልጥብኝ የለም። ፈሪ ነው ብላችሁ ብትጽፉ ይህ ሁሉ ያመልጣችኋል። ያዘነላት ሰው ነው አሳልፎ የሰጣት። በየዘመኑ አዋጅ የሚፈጸመው በክፉዎች እጅ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ይህን ዘበኛ ደጋግማችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ዘበኛው ሲያወራ ተውኔቱን መጀመሪያ ያየው የአቴና ሕዝብ ሳይስቅ አልቀረም፤ ትራጄዲ ውስጥ ሳቅ አለ። የእኛ አዘጋጆች ግን ትራጄዲ ሲባል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተዋናዩን ሁሉ ያስጮኹታል። ለምን? እባካችሁ አታስጩኹብን።

ሁለተኛው ነጥብ። ክሬዮን።

ክሬዮን ሲጀምር ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ክሬዮን ሲጀምር ክፉ ሰው አይደለም። ትናንት ጦርነት ነበር። ከተማዋ ልትቃጠል ነበር። የመጀመሪያ ንግግሩን አንብቡ፦ የሰው ልብና አሳብ በሥልጣንና በሕግ ካልተፈተነ አይታወቅም ይላል፤ ከአገሩ ይልቅ ወዳጁን የሚያስቀድም ሰው ከንቱ ነው ይላል። ማን ነው ይህን የሚቃወም? ኔልሰን ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስረው ሳሉ እስረኞች ይህን ተውኔት ሲጫወቱ እሳቸው የተጫወቱት ክሬዮንን ነው፤ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። እስረኛው የንጉሡን ቃል ተናገረ! አንድ ሰው የሚቃወመውን ሥልጣን ከውስጥ ሆኖ መናገር ከቻለ ገጸ ባሕርይ ማጥናት ማለት ያ ነው።

አሁን ጥያቄያችንን እናንሣ። ክሬዮን ማንን ሰማ?

የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ኮረስ የሚባሉት፣ «ምናልባት ይህን ያደረጉት አማልክት ቢሆኑስ?» አሉት። በእርጅናችሁ ላይ ሞኝነት አትጨምሩ በሚል አኳኋን ተቆጣቸው። ዘበኛው መጣ፤ ጉቦ በልተሃል አለው። አንቲጎኒ መጣች፤ ይህች ልጅ ሳትቀጣ ከቀረች ወንዱ እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም አለ። ልጁ ሄሞን መጣ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ልጅ ልማር ነው? አለ። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ መጣ፤ አንተም ለገንዘብ ነው የምትናገረው አለው። ልብ አላችሁ? ሰዎቹ ተለዋወጡ፤ መልሱ ግን ያው ነው። ጉቦ፣ ሴት፣ ልጅ፣ ጉቦ። የሚናገረውን ሰው ማንነት ካቃለለ በኋላ ነገሩን መስማት አያስፈልገውም። ክሬዮን ለክርክሩ አንድም ጊዜ መልስ አልሰጠም፤ ለተከራካሪው ነው መልስ የሰጠው።

የሄሞንን ክፍል ግን በችኮላ አልተወውም። ልጁ አባቱን የሚያናግርበትን ጨዋነት እዩት። «አባቴ፣ እኔ የአንተ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ሕዝቡ በጨለማ የሚያንሾካሹከውን ይነግረዋል፤ ንጉሥ ፊት ማንም የማይናገረውን። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባል አገር ላደግን ለእኛ ይህ ቦታ ማብራሪያ አይፈልግም። በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በልጅነታቸው እዚሁ ቅርባችን ሐረር በራስ መኮንን ዘንድ ያደጉት ሰው፣ ያንን ተውኔታቸውን በአውሬዎች ተረት አስመስለው ነበር የጻፉት፤ ያም ሆኖ ከመታገድ አልዳነም። ሄሞንም እንደዚያው በምሳሌ ሞከረ። በጎርፍ ዳር ያሉትን ዛፎች ተመልከት፤ የሚጎነበሰው ቅርንጫፉን ያተርፋል፣ የሚገትረው ከነሥሩ ይነቀላል አለው።

ይህን አቴና ውስጥ ቢሰሙት ምሳሌ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዛፉም ቤቱም ግንቡም እንዴት እንደተነቀለ በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ። ሬሳ ፍለጋ አሸዋ ለአሸዋ የሄዳችሁም አላችሁ። የሚቀበር አካል ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ከሶፎክልስ መጥቀስ አያስፈልገኝም።

ሄሞን «የአንድ ሰው ብቻ የሆነች ከተማ ከተማ አይደለችም» ሲለው ክሬዮን ምን መለሰ? ከተማ የገዢዋ አይደለችምን? አለ። እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተለወጠው። ሲነጋ ስለ ከተማው ይናገር የነበረ ሰው እኩለ ቀን ላይ ከተማው የእኔ ነው አለ። ተማሪዎች፣ የገጸ ባሕርይ ለውጥ የሚባለውን ስትፈልጉ እነዚህን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሌላ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም።

አሁን ከሕይወቴ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርሁ። ሰብሳቢያችን ቀጥተኛ ሰው ነበር፤ የእድሩን ገንዘብ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ። አንድ አባል ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ካቆመ ቆይቶ ነበር። በዚያ ላይ ሰብሳቢውን ጉባኤ መካከል ሰድቦታል። በደንቡ መሠረት ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ የሰውየው እናት አረፉ። ድንኳኑና ወንበሩ ይውጣ አይውጣ የሚል ጥያቄ መጣ። ሰብሳቢው «ደንቡን እኔ አልጻፍሁትም፤ ለእሱ ካወጣን ነገ ማን ይከፍላል?» አለ። ትክክል ነበር! ከፋይ በማጣት የፈረሰ እድር ሁላችንም እናውቃለን። መዝገቡን የያዝሁት እኔ ነበርሁና የደንቡን አንቀጽ ያነበብሁትም እኔ ነኝ።

በሰፈሩ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። መጡና «ልጄ፣ ዕዳው የእሱ ነው፤ የሞቱት ግን እናቱ ናቸው» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ሴቶቹ ከየቤታቸው ወንበር፣ ድስትና ጀሪካን እያወጡ ለቅሶ ቤቱን ሞሉት። ሰብሳቢው ከበራፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ማታ ላይ ጋቢውን ለብሶ ሄደና ከሐዘንተኛው ጎን ተቀመጠ። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ደንቡን ራሱ አሻሻለው፤ ቀብር አይከለከልም፣ ዕዳ ከቀብር በኋላ ይጠየቃል የሚል አንቀጽ ገባ። ያ ሰው ከክሬዮን በምን ተለየ? በደግነት እንዳትሉኝ። ሲነሡ እኩል ነበሩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ስትናገር «አንቺ ማን ነሽ?» አለማለቱ ነው ልዩነቱ።

ክሬዮንም እኮ መስማት የማይችል ሰው አልነበረም! ይህን ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። መጀመሪያ አንቲጎኒንም ኢስሜኔንም ሊገድል ፈርዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ሁለቱንም ነው የምትገድለው?» ብለው ሲጠይቁት «እጇ የሌለበትን አልገድልም፤ መልካም ብላችኋል» አለ። ሰማ። መስማት ይችላል። የሚችለውን ነገር ነው እንቢ ያለው፤ ትራጄዲውም እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻ ማንን ሰማ? ቲሬስያስን፤ እሱንም ሲመክረው ሳይሆን ሲያስፈራራው። ነቢዩ «ከአብራክህ የወጣውን ሬሳ ስለ ሬሳ ትከፍላለህ» ብሎት ከሄደ በኋላ ደነገጠ። ሽማግሌዎቹን «ምን ላድርግ? ንገሩኝ፣ እታዘዛለሁ» አላቸው። እነሱም «ሂድ፣ ልጅቱን ከዋሻ አውጣ፤ ለተጣለው ሬሳም መቃብር ሥራ» አሉት። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። መጀመሪያ ሕያዋን፣ ቀጥሎ ሙታን። ክሬዮን ምን አደረገ? የመልእክተኛውን ንግግር ረጋ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ወደ ሬሳው ሄደ። አጠበው፣ የተረፈውን አቃጠለው፣ ከአገሩ አፈር ከፍ ያለ መቃብር ሠራለት። ከዚያ በኋላ ወደ ዋሻው ሄደ። ሲደርስ ልጅቱ ሞታለች።

ለምን ገለበጠው? ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። የእኔን ልናገር። ክሬዮን ሲታዘዝም የታዘዘው ከፍርሃት ነው። ያስፈራው የአማልክት ቁጣ ነበር፤ አማልክቱን ያስቆጣው ደግሞ ሬሳው ነው። ስለዚህ ወደሚያስፈራው ነገር ሮጠ። ልጅቱ አታስፈራም፤ ልጅቱ ትቆያለች። ጨካኝ፣ ትዕቢተኛ፣ ግትር የሚሉት ቅጽሎች ይህን ሊያስረዱ ይችላሉን? አይችሉም። በዚያች ሰዓት ክሬዮን ጨካኝም ትዕቢተኛም አልነበረም፤ ተጸጽቶ እየሮጠ ነበር። የጸጸቱ ቅደም ተከተል ግን ያው የድሮው ክሬዮን ነው።

አጎት መሆኑንም አትርሱ። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባት በሌለበት፣ ወንድሞች ባለቁበት ቤት ድንኳን ማስተከል፣ ለቀስተኛ መቀበል፣ ልጆቹን ደግፎ መቃብር ድረስ መውሰድ የማን ሥራ ነው? የአጎት ነው። ክሬዮን የራሱን ለቅሶ ነው የከለከለው።

ወደ አንቲጎኒ ልምጣ። እሷን ማምለክ ቀላል ነው፤ ማንበብ ግን ከባድ ነው። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ አንቲጎኒን እወዳታለሁ፣ እህቴ ብትሆን ግን አልፈልግም» ብላኝ ታውቃለች። ከዚህ የተሻለ ትንታኔ ከብዙ ወረቀት አላገኘሁም። ኢስሜኔ መጀመሪያ ፈራች፤ እውነት ነው። አንቲጎኒ ስትያዝ ግን መጥታ «እኔም አብሬ ነበርሁ፣ አብሬ ልሙት» አለች። አንቲጎኒ ምን አለቻት? ያልነካሽውን የአንቺ አታድርጊ፤ ሞቴ ይበቃል አለቻት። እህቷን ለማትረፍ ነው ወይስ ክብሯን ላለማካፈል? ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ተዋናይቷ መምረጥ አለባት። «ከፍቅር ጋር እንጂ ከጥላቻ ጋር ለመቆም አልተፈጠርሁም» ያለችውም ይህችው ልጅ ናት፤ ያንን ካለች በኋላ ነው እህቷን ገፍታ የመለሰቻት። የሚጋጭ ነገር ነውን? ነው። ሰው ነቻ!

ወደ ዋሻው ሲወስዷት የተናገረችው ቃል ደግሞ አለ። ይህን ለባል ወይም ለልጅ ብዬ አላደርገውም ነበር ትላለች። ባል ቢሞት ሌላ ባል ይገኛል፤ ልጅም ከሌላ ይወለዳል፤ እናትና አባቴ መቃብር ከወረዱ በኋላ ግን ወንድም ከየት ይመጣል? የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ ይህ ቃል በጣም ስለቀፈፈው አንድ ሊቅ ተነሥቶ «ይህ የሶፎክልስ አይደለም» ቢለን ብሎ ተመኝቶ ነበር። አርስቶትል ግን የእሷ ብሎ ጠቅሶታል። እኔ ከአርስቶትል ጋር ነኝ። ቀደም ሲል ስለ ተጻፈና ስላልተጻፈ ሕግ፣ ስለ ዘላለማዊ ሥርዓት ትናገር ነበር። አሁን ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ ስለ አንድ ወንድም ብቻ ትናገራለች። ሰው መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ ስለ መርሕ ያወራልን? ለቅሶ ቤት የተቀመጣችሁ ንገሩኝ። እህት ወንድሟ ሲሞት ምን ብላ ነው የምታለቅሰው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኢስሜኔ ክሬዮንን «የልጅህን እጮኛ ትገድላለህ?» ስትለው «ሌላ የሚታረስ መሬት ሞልቷል» አለ። አንቲጎኒም ሌላ ባል ይገኛል አለች። ቀኑን ሙሉ በምንም ነገር ያልተስማሙት ሁለቱ ሰዎች በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ! ሁለቱም ሄሞን የሚተካ ሰው ነው አሉ። ሄሞን ግን እሷን የምትተካ አልመሰለችውም፤ ሞተላት። ሶፎክልስ ሁለቱን እጮኛሞች በመድረክ ላይ አንድም ጊዜ አላገናኛቸውም። ሕያዋን ሆነው አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ይህን ካያችሁ በኋላ ተውኔቱን ስለ ጀግና ልጅና ስለ ክፉ ንጉሥ ነው ብላችሁ መጻፍ ያስቸግራችኋል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ጭብጥ። ሰዓት የያዘው ልጅ እያየኝ ነው፤ እፈጥናለሁ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ይህ ተውኔት የሁለት እውነቶች ግጭት ነው አለ፤ የመንግሥት ሕግና የቤተሰብ ሕግ፣ ሁለቱም ትክክል፣ ሁለቱም ጎዶሎ። በየትምህርት ቤቱ የሚጻፈው ይኸው ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ሁለቱም ጎዶሎ ሰዎች ናቸው፤ ይህን አሁን ስናይ ቆይተናል። ግን እኩል ናቸውን? ነቢዩ ሲመጣ ሚዛኑን ማን ላይ ነው የጣለው? ክሬዮን ላይ። ከምድር በታች መሆን ያለበትን ከላይ አስቀመጥህ፣ ከላይ መኖር ያለባትን ከታች ቀበርህ አለው። ሶፎክልስ ሚዛኑን በመካከል አልተወውም።

ጭብጥን እንዲህ ፈልጉት፤ ሁለት ሰዎች መሸነፍ የማይችሉበት ቦታ የት ነው? እዚህ ያ ቦታ ሬሳ ነው። ያውም ጥቂት አፈር። አንቲጎኒ እኮ ጉድጓድ አልቆፈረችም፤ አፈር በተነች፣ ከማሰሮም ሦስት ጊዜ አፈሰሰችለት። ሙስሊሞች ወገኖቼ፣ መቃብር ላይ ሦስት እፍኝ አፈር ስትጥሉ ያንን የሚከለክል መንግሥት ቢመጣ ምን ትላላችሁ? ጀናዛ ሲያልፍ የማያውቀው ሰው እንኳ ቆሞ ጥቂት እርምጃ በሚሸኝበት ከተማ ክሬዮን አዋጁን በየትኛው አደባባይ ያስነግር ነበር?

ግን እኮ ተነግሮ ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከልክለዋል። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ልጅ ነበርሁ። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ልጃቸው ከሞተ በኋላ ማድ ቤታቸው ገብተው እርጥብ እንጨት ያነዱ ነበር። እናቴ ላከችኝና ገባሁ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ጢሱ ነው» አሉኝ። እኔም አመንሁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን ተውኔት ሳነብ አንቲጎኒን ያገኘኋት እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ኢስሜኔንም እዚያው አገኘኋት፤ ምክንያቱም እኚያ እናት አዋጁን አልጣሱም፣ ግን አለቀሱ። ተማሪዎቼ ኢስሜኔን ፈሪ ብለው ሲጽፉ ውጤት የምቀንሰው ለዚህ ነው።

ስለ ዩሪዲኬ ሳልናገር አላልፍም። የክሬዮን ሚስት ናት። መድረክ ላይ ወጥታ የምትናገረው ዘጠኝ መስመር ያህል ነው። የልጇን ሞት ትሰማለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ትገባለች። ሽማግሌዎቹ «ይህ ዝምታ ያሰጋል» ይላሉ። እንግዲህ እስካሁን «ማንን ሰማ?» እያልን ነበር፤ እሷ ደግሞ የሚሰማት እንደሌለ አውቃ ዝም አለች። ጭብጡን ከሚጮኹት ብቻ አትልቀሙ።

በመጨረሻ ኮረሱ ጥቂት የምክር ቃል ተናግሮ ይወጣል፤ የትዕቢተኞች ትልቅ ቃል ትልቅ ቅጣት ያመጣል፣ በእርጅናም ጥበብን ያስተምራል የሚል። ፈተና ላይ ተማሪ ሁሉ ያንን ገልብጦ «ጭብጡ ይህ ነው» ይላል። አትገልብጡት። ያንን የተናገሩት ቀኑን ሙሉ አዋጁን ሲያዩ ብዙውን ጊዜ ዝም ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚመክር ሽማግሌ ደግሞ ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው፤ እሱንም «ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ልስጣችሁ። የክሬዮንና የሄሞንን ክፍል በድምፅ እናነባለን። ሄሞንን ከአባቱ ጋር ተከራክሮ የሚያውቅ ወጣት ይውሰድ፤ ክሬዮንን ልጅ ያሳደገ አባት ያንብብ። ኢስሜኔን ሁለት ሰዎች በየተራ ያንብቧት፤ አንዷ ፈርታ፣ አንዷ ሳትፈራ፤ ከዚያ እንከራከራለን። የዘበኛውን ክፍል ግን ማንም እንዳይወስድብኝ፤ እሱን የማነበው እኔ ነኝ። ውኃ ስጡኝና ወደ ጥያቄ እንግባ፤ ከመስኮቱ በኩል ከቆሙት እንጀምር።